የሉቅማን አምስት መቶ ሦስት

ሉቅማን ሰይድ አሜሪካ፣ አትላንታ ዳር ኢስት ፖይንት ውስጥ ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ፓርኪንግ ሻትል ይነዳል። ሰው መኪናውን ያቆማል፣ ሉቅማን ሻንጣውን ያነሳለታል፣ ኤርፖርት ያደርሰዋል፣ ሻንጣውን ያወርድለታል፣ ይመለሳል። በቃ ይሄው ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ደሴ ትምህርቱን አስረኛ ክፍል ላይ ጥሎ ነው የመጣው። እዚህም ኮሌጅ ሁለት ወር ሞክሮ ነበር፣ ስራው አላስችል አለውና ተወው።

ግን የኢንተርኔት ሳይት መስራት ይችላል። ያስተማረው ሰው የለም። ፓርኪንጉ ቢሮ ውስጥ አንድ ደንበኛ የረሳው ሳይት አሰራር የሚያስተምር ወፍራም መፅሐፍ ነበር፣ እሱን መሪው ላይ አስደግፎ መንገደኛ እስኪመጣ ያነባል። ያልገባውን ገፅ አራቴም አምስቴም ያነባል፤ ካልገባው ይናደድና መፅሐፉን ከወንበሩ ስር ይወረውራል፣ ከዛ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ያወጣዋል።

እንዲህ እንዲህ እያለ በፈረንጅ ዘጠና ዘጠኝ የራሱን ሳይት ከፈተ። የአትላንታ የሶላት ሰዓት ይለጠፍበታል። ማን ወለደ፣ ማን መርዶ ደረሰው፣ ማን ክፍል ያከራያል፣ የትኛው ሱቅ ሃላል ስጋ ገባ፣ ሁሉም እዛ አለ። ከታች ደግሞ የእንግዳ መዝገብ አለው፤ የገባ ሰው ስሙን ፅፎ፣ አንድ ሁለት ቃል ትቶ ይወጣል። በቀን ሰላሳ፣ ቢበዛ አርባ ሰው ቢገባ ነው። ሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ከሁሉም የረከሰው ነው፣ ከሌላ ስንትና ስንት ሳይት ጋር በጋራ የሚከራዩት።

ይሄን ታሪክ ያመጣው ግን ፊሊሞን ነው። ፊሊሞን ቤተሰቦቹ በህፃንነቱ ያመጡት፣ እዚሁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ነው። ሮዝዌል ውስጥ የድርጅቶችን ሳይት የሚጠብቅ አንድ ካምፓኒ ይሰራል። አንድ ቀን ሻትሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ በስልክ ስለ አንድ ኤረር ከሰው ጋር ይጨቃጨቃል። ሉቅማን በመስታወት አየት አደረገውና "ፋይሉ ፈቃድ አልተሰጠውም ይሆናል፣ ፐርሚሽኑን ይዩት" አለው። ፊሊሞን ለሰውየው ነገረ፣ ሰውየው አየ፣ ልክ ሆነ።

"ዌይት፣ አንተ ሻትል ነው የምትነዳው?" አለው ፊሊሞን።

ከዛ በኋላ ስልክ ተለዋወጡ። በሳምንቱ ፊሊሞን ደወለ። "ሄልፕ ዴስክ ላይ ደንበኛ የሚረዳ ሰው እየፈለግን ነው። ዲግሪ ያላቸው ሁለት ሰዎች አሉ፣ ባት እኔ ስላንተ ለቦሴ ነገርኳት። ማክሰኞ ስሪ ኦክሎክ ሳይትህን ከፍታ ታያለች፣ ከዛ ትደውልልሃለች። የዛኑ ቀን ነው የምትወስነው።"

ስሪ ኦክሎክ በኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

"ሌላ ምን ላዘጋጅ?" አለ ሉቅማን።

"ናቲንግ። ዳውን እንዳይሆን ብቻ። ሰርቨር ሊጠብቅ የሚቀጠር ሰው የራሱ ሳይት ከወደቀ፣ ማን፣ ኢትስ ኦቨር።"

ሉቅማን ለማንም አልተናገረም። ለእህቱ ለነዚፋ ብቻ ነገራት፤ ሎረንስቪል ነው የምትኖረው፣ በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች። "ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት አንዲት ፈረንጅ ሳይቴን ልታይ ነው። ካማራት ሻትሉን እገላገላለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ" አላት። እሷም "አብሽር፣ እኔ አለሁልህ" አለችው። እሱ ዱዓውን መስሎታል።

ማክሰኞ ከንጋት ጀምሮ ነድቶ ስድስት ሰዓት ላይ ሽፍቱን አስረከበ። ቤቱ ያለው የኢንተርኔት መስመር በስልክ የሚሄድ ቀርፋፋ ስለሆነ ጋሽ ሙሀመድዘይን ሱቅ ሄደ። ጋሽ ሙሀመድዘይን የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፣ ስልሳውን አልፈዋል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ስጋ፣ የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። ልጃቸው ፈጣን ኢንተርኔት አስገብቶላቸዋል። አንድ ኮምፒውተር ባንኮኒው ላይ፣ አንድ ጓዳ ውስጥ አለ። ሉቅማን የጓዳው ላይ ተቀመጠ፣ ሳይቱን ከፈተ።

ኢንተርናል ሰርቨር ኤረር። አምስት መቶ።

"ያ ረቢ!"

"ምን ሆንክ?" አሉ ጋሽ ሙሀመድዘይን ከባንኮኒው።

"ተበላሽቷል ጋሼ።"

"ምኑ?"

"እሱን አይናገርም። አምስት መቶ ብቻ ነው የሚለው። አምስት መቶ ማለት ሰርቨሩ አሞኛል ይላል፣ የቱ ጋ እንዳመመው ግን አይናገርም።"

"እንደ ሚስቴ በለኛ! ምን ሆንሽ ስላት ምንም፣ ፊቷ ግን አምስት መቶ።"

ሉቅማን አልሳቀም። ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ያውቃል። ለፈረንጇ እንዲያምር ብሎ ትናንት የእንግዳ መዝገቡን ፕሮግራም ነካክቶት ነበር። ሲሰራ የኖረን ነገር ምን አስነካው? ከላይ እስከ ታች አነበበው። ምንም ስህተት የለውም። እንደገና አነበበው። ፈቃዱን አየ፣ ልክ ነው። ነገሩ የገባው ከተቀመጠ አንድ ሰዓት ሊሞላው ሲል ነው፤ ፋይሉን ወደ ሰርቨሩ ሲልክ አላላኩን ተሳስቶ ነበር። ከዊንዶውስ ሲነሳ በየመስመሩ መጨረሻ በአይን የማይታይ ምልክት ይዞ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ደግሞ እሱን ሲያይ ይታነቃል። አስተካክሎ ላከው። ገፁ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ሰዓቱን አየ። ስምንት ሰዓት አልፏል። "አልሃምዱሊላህ" ብሎ እዛው ጓዳ ውስጥ ዙሁርን ሰገደ። ሰግዶ ሲጨርስ፣ እንዲያው ልቡ እንዲያርፍ ብሎ፣ አንዴ ሪፍሬሽ አደረገው።

ሰርቪስ አንአቬይለብል። አምስት መቶ ሦስት።

አምስት መቶ ሦስት ሌላ ነው። አልታመምኩም፣ ግን አሁን ላስተናግድህ አልችልም፣ ቆይተህ ና ማለት ነው። ሉቅማን ግን አሁን ነካክቶት ስለተነሳ ያው የራሱ ጥፋት መሰለው። ትናንት የጨመረውን በሙሉ አወጣ። አምስት መቶ ሦስት። የድሮውን ፋይል መለሰ። አምስት መቶ ሦስት። አንዴ ብቅ ይላል፣ ግማሽ ገፅ ያሳይና ይጠፋል። እንደዛ ሲሆን ይብሳል፣ ሰውን ያሳብዳል። ሰርቨሩን የሚያከራዩት ጋ ደወለ። ሙዚቃ። "ጥሪዎ ለኛ አስፈላጊ ነው።" ሙዚቃ። ከአስራ አንድ ደቂቃ በኋላ አንድ ልጅ አነሳ።

"ኮምፒውተርህን አጥፍተህ አብራው" አለው።

"የኔ ኮምፒውተር አይደለም ችግሩ። አምስት መቶ ሦስት ነው የሚለኝ።"

"ብራውዘርህን ዝጋና..."

"ወንድሜ፣ ሰርቨሩ እናንተ ጋ ነው ያለው! እኔ ብራውዘሬን ብዘጋው ምን ይሆናል?"

ልጁ አንድ ነገር ሲነካካ ቆየና፣ "ሊሚትህን አልፈሃል። ባንዴ የሚፈቀድልህ ሃያ ሰው ነው" አለው።

"ምን ሃያ? በቀን አርባ ሰው እንኳን አይገባም!"

"ቆይተህ ሞክር" አለና ዘጋበት።

ሉቅማን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሌላ ቦታ ሆኖ የሚያይለት ሰው ፈለገ። ምናልባት እዚህ ሱቅ ብቻ ይሆናላ። ነዚፋ ጋ ደወለ። ተይዟል። የነዚፋ ጎረቤት ሩሚሳ ጋ ደወለ። ተይዟል። ፓርኪንግ አብሮት የሚሰራው ስለሺ ዛሬ ኦፍ ነው፣ ቤቱ ደወለ። እሱም ተይዟል።

"ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ያወራል?" ብሎ ወደ ባንኮኒው ወጣ። ጋሽ ሙሀመድዘይን ኮምፒውተሩ ላይ ተጎንብሰው አንዲት ቁልፍ በአመልካች ጣታቸው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋሉ። ከፊታቸው አንዲት ሴት ሽሮ ይዛ ሂሳብ ልትከፍል ቆማለች፣ አላዩዋትም።

"ጋሼ፣ ምን እየሰሩ ነው?"

"እኔ? ምንም።"

"ምንድነው የሚጫኑት?"

ሰውየው ሴትየዋን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ሳቅ አላቸው። "ኧረ ተወኝ! እየገባሁልህ ነዋ።"

"የት?"

"ያንተ ሳይት ውስጥ! እንቢ ሲለኝ እንደገና፣ እንቢ ሲለኝ እንደገና። እርጥብ ክብሪት የምጭር መሰልኩ እኮ። ስሜን አምስት ጊዜ ፅፌ አንዴ ብቻ ነው የተቀበለኝ።"

ሉቅማን ባንኮኒውን ያዘ። "ማን ግቡ አለዎት?"

"ነዚፋ። አትንገሩት ብላ ነበር፣ አንተ አስወጣኸኝ። ያቺ ፈረንጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመጣ ሰው ሞልቶ ታግኘው አለች። መዝገቡ ላይ ሁሉም ስሙን ይፃፍ አለች። እውነቷን ነው! ሙሽራ ለብቻው ይሄዳል? ሽማግሌ አንድ ሰው ይላካል? ሰው የሌለው ልጅ እንዳይመስላት አጀብ ሆንንልህ።"

"ስንት ሰው ነው ጋሼ?"

"እኔ አስራ አንድ ሰው ደውያለሁ። እነሱም ይደውላሉ። ዳላስ ያለው የወንድሜ ልጅ፣ ሚኒሶታ ያሉት..."

ሉቅማን እየሮጠ ወደ ጓዳ ተመለሰ። ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግበውን ሎግ ከፈተ። ሌላ ጊዜ በአስር ደቂቃ አንድ መስመር የሚጨመርበት ነው። አሁን መስመሩ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ አይን አይከተለውም። መዝገቡን አወረደው፤ ከአራት መቶ በላይ ሰው ፈርሟል። "የሰይድ ልጅ በርታ።" "አላህ ይርዳህ ወንድማችን።" "ስድስት ጊዜ እንቢ ብሎኝ በሰባተኛው ገባሁ፣ አብሽር።" ነዚፋ ሦስት ቦታ ፈርማለች፣ አንዱ ላይ የልጆቿን ስም ደርድራለች። አንድ ሰው በፈረመ ቁጥር ፕሮግራሙ መዝገቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አዲስ ይፅፈዋል። መዝገቡ በወፈረ ቁጥር መፃፉ ይረዝማል፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል። እንቢ ያለው ሰው ደግሞ ይናደድና እንደገና ይጫናል። ሊረዱት ብለው ነው የሚገድሉት።

ፕሮግራሙን አነሳው። ፊርማው ቆመ፣ ሰው ግን አልቆመም። እንደውም ባሰበት፣ መዝገቡ ጠፋ ብለው የበለጠ ይጫናሉ።

ነዚፋ ጋ ደወለ። ተይዟል። አሁን ገባው። አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚገባው በቤቱ ስልክ ነው፤ እዛ ላይ ካለ ስልኩ አይጠራም። ተው ሊላቸው የሚችለው በስልክ ብቻ ነው፣ ስልኩን ደግሞ የያዙት እሱን ለመርዳት ነው። አስራ ሁለት ሰው ጋ ደወለ። አስራ ሁለቱም ቲ፣ ቲ፣ ቲ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አስራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የሱ ስልክ ጮኸ። ፊሊሞን ነው።

"ብሮ፣ አሁን ሞከርኩት። ፋይቭ ኦ ስሪ ነው። እሷ ሚቲንግ ልትጨርስ ነው።"

"ዘመዶቼ ናቸው" አለ ሉቅማን።

"ምን?"

"ሰዎቼ ናቸው፣ ባንዴ ገብተው ነው የጣሉት። ስማኝ፣ የቢሮአችሁን አድራሻ ስጠኝ። ኢንተርኔት የምትወጡበትን ቁጥር።"

"ዋይ?"

"ከናንተ በስተቀር ሁሉንም ልዘጋ ነው።"

ፊሊሞን ቁጥሩን ነገረው። ሉቅማን ሁለት መስመር ፃፈ። አንዱ ሁሉንም ከልክል ይላል፣ ሌላው ይሄን ቁጥር ብቻ አስገባ። ከመላኩ በፊት ጋሽ ሙሀመድዘይን በሩ ላይ ቆመው አያቸው።

"እኔንም ነው የምትዘጋው?"

"እርስዎንም። ራሴንም። እኔም አላየውም።"

"ነዚፋንስ?"

ሉቅማን ላከው።

ሰውየው ወደ ባንኮኒው ተመለሱ። ጠቅ የሚለው ድምፅ አንዴ ተሰማ። ከዛ ቀስ ብለው፣ "ፎርቢድን ይላል፤ ክልክል" አሉ። "ይሄን ቃል እንግሊዝኛ ሳልማር ነው ያወቅኩት። በር ላይ ተለጥፎ።"

ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ሴትየዋ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ አይቸኩልም። ገፁ ተከፍቶላታል። ስለ ሶላቱ ሰዓት ጠየቀችው፣ እንዴት እንደሚያሰላው አስረዳት። ከዛ፣ "ፊሊሞን ስለ እንግዳ መዝገብ ነግሮኝ ነበር፣ የለም" አለች።

"ሰርቨሩን ስለከበደው አነሳሁት። ፋይሉ አለኝ።"

"ላክልኝ።"

ላከላት። ፋይሉን ስታገላብጥ የቁልፉ ድምፅ በስልኩ ይሰማዋል።

"እነዚህ አራት መቶ ምናምን ፊርማዎች ሁሉም የተፈረሙት ዛሬ፣ ባንድ ሰዓት ውስጥ ነው" አለች። "አንተ ነህ የፈረምካቸው?"

ይሄን አላሰበውም። እንግሊዝኛው ከአፉ ጠፋ፣ ተመለሰ። "አይደለሁም። ሰዎቼ ናቸው። ሎጉን ልላክልሽ፣ ሁሉም የተለያየ ቁጥር ነው። እህቴ ናት የጠራቻቸው።"

"ለምን?"

"ትልቅ ሰው ሊያይህ ሲመጣ ብቻህን መገኘት እኛ ጋ አያምርም። ብቻውን ነው እንዳትይ ነው።"

"ጥቃት እንዳልሆነ በምን አወቅክ?"

"ጥቃት የሚፈፅም ሰው ስሙን ከነአባቱ አይፅፍም።"

የሳቀች መሰለው፣ እርግጠኛ አይደለም። "እህትህም አሁን ተዘግቶባታል?"

"ተዘግቶባታል።"

"እስከ አምስት ሰዓት አትክፈተው። ሎጉን ላክልኝ፣ በአምስት እናሳውቅሃለን።" የሷ አምስት በኛ አስራ አንድ ነው። ዘጋችው።

ሁለት ሰዓት ዘግተህ ቆይ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። የተከለከለ ሰው ኢንተርኔቱን ያጠፋል፣ ኢንተርኔቱን ካጠፋ ስልኩ ይለቀቃል። የሉቅማን ስልክና የሱቁ ስልክ ባንዴ መጮህ ጀመሩ። ስለሺ ደወለ፦ "ምን አደረግኩህ?" ሚኒሶታ ያለ የማያውቀው ሰውዬ ደወለ፦ "ሙስሊም እንዳይገባ አደረጉት አይደል? እኔ ድሮም አውቄ ነበር!" ጋሽ ሙሀመድዘይን በሱቁ ስልክ "ኧረ ማንም አይደለም፣ ልጁ ራሱ ነው የዘጋው" ይላሉ፤ እሱ እያስረዳ እሳቸው ያባብሱታል።

ነዚፋ ስትደውል ገና ሃሎ ሳይል ጀመረች።

"ተከልክለሻል አለኝ! ፈቃድ የለሽም አለኝ! ልጆቼ ፊት! ምን ሆነ ብዬ ስንት ሰው አስደወልኩ..."

"ነዚፋ፣ እኔ ነኝ።"

"አንተ ምን?"

"እኔ ነኝ የዘጋሁት። በዝታችሁ ሰርቨሩን ጣላችሁት። ባልዘጋው ሴትየዋ አታየውም ነበር።"

"ታዲያ ተዉ አትለንም?"

"በምን ልበላችሁ! ስልካችሁ ሁሉ ተይዟል! አስራ ሁለት ሰው ጋ ደወልኩ እኮ! እኔን ከማማከር ማን ከለከለሽ? ዱዓ አድርጊልኝ ነው ያልኩሽ፣ ዱዓ! አምስት መቶ ሰው ጥሪ አላልኩሽም!" ጮኸባት። ጮኾባት አያውቅም። ስጋ የሚያስቆርጡት ሰዎች ዞር ብለው ወደ ጓዳው አዩ።

"እሺ" አለች ነዚፋ፣ ዘጋችው።

አስራ አንድ ሰዓት አልፎ አስር ደቂቃ ሲሆን ፊሊሞን ደወለ። "ሰኞ ና። ሲርየስሊ! ሎጉን ለሁላችንም አሳየችን። ዲግሪ ያለው ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር አለች። ኦ፣ ደግሞ የእንግዳ መዝገቡ እንደጠፋ ይቆይ፣ እስኪስተካከል ለማንም አታሳየው ብላለች።"

"እሺ" አለ ሉቅማን። የበርበሬ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ደስ ሊለው ይገባል። ሁለቱን መስመሮች አጠፋ፣ ሳይቱ ለሁሉም ተከፈተ። ነዚፋ ጋ ደወለ።

"ሰኞ ስራ ልጀምር ነው።"

"አልሃምዱሊላህ" አለች። እልልታ ጠብቆ ነበር። "ሉቅማን፣ ስትዘጋኝ ስሜን አይተህ ነው?"

"ስም አያሳይም፣ ቁጥር ነው። ሁሉንም ነው የዘጋሁት፣ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያስቀረሁት።"

"የነሱን።"

"የነሱን። አሁን ተከፍቷል፣ ግቢ።"

"ልጆቹን ላብላ። ሌላ ቀን እገባለሁ።"

ሎጉን ከፍቶ ተቀመጠ። ሳይቱ እንደዛሬ ፈጥኖ አያውቅም፣ ስትነካው ይከፈታል። የሚገባ ግን የለም። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ። አንድም መስመር አልተጨመረም። ከባንኮኒው በኩል ቁልፍ አንዴ ጠቅ አለ፣ ሎጉ ላይ አንድ መስመር ወጣ። የሱቁ ቁጥር ነው።

"ገባልኝ" አሉ ጋሽ ሙሀመድዘይን። "አንዴ ብቻ ነው የነካሁት፣ እንዳትቆጣ። መዝገቡ የታለ? ስሜን ፅፌ ነበር።"

"እኔ ጋ ተቀምጧል ጋሼ። አይታይም ግን።"

"ካልታየ ለማን ነው የተቀመጠው?"

ሉቅማን ሁለተኛው መስመር ይወጣ እንደሆነ ሎጉን ማየቱን ቀጠለ።